ከፖስት ካርዱ ጀርባ
(በገላን በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

 

የዓመቱ ገቢና ወጪ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ተዘርዝሯል። ኦዲት ኮሚቴው አይቶ ፈርሞበታል። ጥያቄ ካለ ከሻይ በኋላ አንድ በአንድ እንመልሳለን። አሁን በተሰጠን ሰዓት ግን ስለ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ እንነግራችኋለን። «ሒሳብ ክፍል ከቆርቆሮ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። በንብረት መዝገባችን ላይ እስከ ዛሬ የዋጋው ዓምድ ባዶ የሆነ ንብረት እሱ ብቻ ነው። ለምን ባዶ እንደሆነ ስናስረዳ ሌላ ነገር አብሮ ይወጣል፤ እሱን ለመናገር ነው የተነሣነው። «እኛ» ስንል ሒሳብ ሹሟን፣ ገንዘብ ያዧንና ንብረት ክፍሏን ማለታችን ነው። ጥፋቱም የሦስታችን ነው።

ቆርቆሮውን የተዉልን ሁላችንም «እማማ» እንላቸው የነበሩት አባላችን ናቸው። ካረፉ በኋላ፣ ከአርባቸው ቀጥሎ በነበረው ሳምንት፣ ልጃቸው በነጠላ ጠቅልላ ይዛልን መጣች። «ለማኅበሬ ስጡልኝ ብላለች» አለችን። እማማ ልጃቸው ዘንድ ወደ ገላን ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል የስጦታ ዕቃ መሸጫ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ቆርቆሮው ውስጥ ከዚያ ሱቅ የተረፉ ፖስት ካርዶች ነበሩ። ቆጥረን 57 አገኘን። የጎንደር ግንብ አለ፣ ላሊበላ አለ፣ የአክሱም ሐውልት አለ፣ የሐረር ግንብ በር አለ፣ ዋልያም አለ። 23ቱ ግን አንድ ቦታ ናቸው፤ ጢስ ዓባይ።

ካርዶቹን ያያችሁ ታስታውሷቸዋላችሁ። ቀለማቸው ከልክ በላይ ደምቋል፤ ሰማዩ እንደ ሰማያዊ ሳሙና ነው። ውሃው ከዳር እስከ ዳር ገደሉን ሞልቶ ይወርዳል። ከሥሩ ጢሱ ይነሣል፣ በጢሱ መሐል ቀስተ ደመና ይታያል፤ ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች እንደ ጉንዳን ትንሽ ሆነው ቆመዋል። ከገንዘብ ያዣችን አፍ መጀመሪያ የወጣው ቃል «ይኼን ሥዕል እኮ አውቀዋለሁ!» የሚል ነበር። እውነቷን ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ በወጣው የአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ከወፎቹ ጋር ያለው ፏፏቴ ይኸው ጢስ ዓባይ ነው። ይኼ ማኅበር ሲጀመር በየሳምንቱ አምስት አምስት ብር ስንሰበስብ፣ አብዛኛው በአንድ አንድ ብር ነበር የሚመጣው። በምራቅ እያረጠብን ስንቆጥር ያመሸነው ፏፏቴ ነበር ማለት ነው። በኋላ ኖቱ በሳንቲም ሲተካ ሥዕሉም ከቦርሳችን ወጣ።

ሞዴል 19 ቆረጥን፤ «ፖስት ካርድ፣ ብዛት 57» ብለን መዘገብን። የዋጋው ዓምድ ላይ ስንደርስ ብዕራችን ቆመ። አሮጌ ፖስት ካርድ ስንት ነው የሚያወጣው?

ለማወቅ ጠየቅን፣ አነበብን። የተማርነውን ባጭሩ እንንገራችሁ፤ ለልጆቻችሁም ይጠቅማል። ፖስት ካርድ በዓለም ላይ የመጀመሪያው በመንግሥት የታተመው በኦስትሪያና ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። ከደብዳቤ ርካሽ ስለነበር ቶሎ ተስፋፋ። ብዙም ሳይቆይ ሥዕል ተጨመረበት፤ ከሥዕሎቹ ሁሉ ሰው ከሚወዳቸው አንዱ ፏፏቴ ሆነ። በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ ያለው ናያግራ እጅግ ብዙ ጊዜ በካርድ ታትሟል።

የካርድን ዕድሜ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከፊቱ አይጀምርም፤ ገልብጦ ጀርባውን ነው የሚያየው። በጣም አሮጌው ካርድ ጀርባው አልተከፈለም። በዚያ ዘመን ጀርባው ላይ መጻፍ የሚፈቀደው አድራሻ ብቻ ነበርና ላኪው ሰላምታውን ሥዕሉ ዳር ላይ አጣብቦ ይጽፍ ነበር። ጀርባውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለመልእክት፣ ግማሹን ለአድራሻ ማድረግ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902፣ በአሜሪካ በ1907 ተፈቀደ። እኛም አገር የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ፓሪስ ታትመው መጥተዋል። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ በጅቡቲ ሲያልፍ የሌላ አገር ቴምብር ይጨመርበት ነበር። የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት ቦያጂያን የሚባሉት የአርመን ቤተሰብና ሌሎችም የዚያን ዘመን ሰውና ቦታ በካሜራ አስቀርተውልናል።

የእማማ ካርዶች ግን እንደዚያ የራቁ አይደሉም። ጀርባቸው የተከፈለ ነው፤ ቀለም ያላቸው ናቸው። የቱሪዝም ድርጅት ተቋቁሞ አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መፈክር ለዓለም ካስተዋወቁ በኋላ ያለው ዘመን ናቸው። መፈክሩ የሚናገረው ስለ ፀሐይ ነው። እውነት ነው፣ ፀሐያችን ጳጉሜንንም ጨምሮ 13 ወር ትወጣለች። ውሃ ግን እንደ ፀሐይ አይደለም። ይኼን በጊዜው አላሰብንበትም።

ሌላም ያላሰብንበት ነገር ነበር። ከካርዶቹ ጀርባ፣ ጥጉ ላይ፣ በእርሳስ በጣም ደቅቆ የተጻፈ ጽሑፍ አለ። «መስከ.» ይላል አንዱ፤ «ጥቅ.» ይላል ሌላው። እኛ የሒሳብ ሰዎች ስለሆንን ዕቃው ሱቅ የገባበት ወር መሰለን። እማማ ጥንቁቅ ነበሩ ብለን አደነቅን፤ አለፍነው።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ዋናዎቹን ካርዶች አንሸጥም፤ የሚያምረውን አንዱን መርጠን አሳትመን እንሽጥ ብለን ለሥራ አመራሩ አቀረብን፤ ጸደቀ። አንዱን በ6 ብር ሒሳብ 500 ካርድ በ3,000 ብር አሳተምን። ከጀርባው «ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ ኢትዮጵያ» ብለን የማኅበራችንን ስም ከሥሩ ጻፍን። በሁለት ባዛር አንዱን በ15 ብር 312 ሸጥን፤ 4,680 ብር ገባ። ካርዱ ሲወደድ ልባችን ሞቀ። «ይኼን ነገር ለምን ራሳችን ሄደን አናየውም?» የሚል ሐሳብ መጣ። ሐሳቡን ያመጣነው እኛ ነን። ካርዱን ትልቅ አስደርገን በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍን፤ ከሥሩ የመመዝገቢያ ወረቀት ሰቀልን። 34 አባላት ተመዘገቡ። በወር 150 ብር ለ10 ወር ቆጠቡ፤ 51,000 ብር ሆነ። ከመካከላቸው ከገላን ወጥተው ከአዳማ አልፈው የማያውቁ ነበሩ። ከወር ቁጠባቸው በፊት የልጅ ጫማ ያስቀደሙ፣ በሚቀጥለው ወር ሁለቱን አንድ ላይ የከፈሉ ነበሩ። ካርኒው በእጃችን ስላለ እናውቃለን።

ወሩን የመረጥነው እኛ ነን። መጋቢት 2011 ዓ.ም. አልን። ለምን? በመጋቢት ሠርግ የለም፣ አውቶቡስ በርካሽ ይገኛል፣ ዝናብም መንገዱን አያበላሽም። በወጪ በኩል ትክክል ነበርን። ጠቅላላ ወጪው 48,650 ብር ሆነ፤ ቀሪው 2,350 ብር ለተጓዦቹ ተመልሷል።

ጉዞው ራሱ መልካም ነበር፤ ይኼን መካድ ኃጢአት ነው። በሱሉልታ ወጥተን፣ በጎሐ ጽዮን ወርደን፣ ዓባይ በረሃን ስንሻገር አውቶቡሱ በእልልታ ተናወጠ። ሁለተኛው ቀን ባሕር ዳር ገባን። በማግስቱ ጧት ወደ ጢስ ዓባይ ሄድን፤ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻገርን። አቀበቱን ወጣን። እናቶች ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ፎቶ ለመነሣት ነው። ከጉብታው ላይ ደረስን።

ገደሉ አለ። ካርዱ ላይ እንዳለው ሰፊ ነው። ውሃው ግን በአንድ በኩል እንደ ነጠላ ጥለት ቀጥኖ ይወርዳል። የቀረው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ደረቅ። ጢስ የለም። ድምፅም እንዳሰብነው አይደለም፤ እርስ በርስ ሳንጮህ እንሰማማለን።

ማንም ምንም አላለም። ያ ዝምታ ከጩኸት ይብሳል። ከዚያ አንዷ እናታችን ቀስ ብለው «ልጆች፣ ሌላ ደግሞ ከፊት አለ?» አሉ። የለም ብለን መመለስ ነበረብን። «አንድ ብሩ ላይ ያለው ይኼ ነው?» አለች ሌላዋ። ነው አልን። ከኋላ ደግሞ አንዷ «ዐሥር ወር የቆጠብኩት ለዚህ ነው?» ስትል ሰማን። መልስ አልነበረንም።

መልሱን የሰጠችን እዚያው ነጠላና ቅል የምትሸጥ እህታችን ናት። አብረዋት ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ እንደኛው ተሰባስበው የሚሠሩ። ከተጓዦቹ ጋር ቁጭ ብላ ቡና አፈላችልን። «ከመስከረም እስከ ኅዳር ብትመጡ ኖሮ ከመንደሩ ድረስ ጩኸቱን ትሰሙት ነበር። አሁን ውሃው ሥራ ሄዷል» አለችን። ሳቅን፤ እሷ ግን የምሯን ነው። ከመቀነቷ አንድ የተማሪ ደብተር አወጣች። የሸጠችውን በየወሩ ጽፋዋለች። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ገጹ ሙሉ ነው። መጋቢት ላይ አራት መስመር አለ። እኛ ሦስት የሒሳብ ሠራተኞች ያልያዝነውን መዝገብ እሷ ይዛለች፤ ዓመቷን የምትቆጥረው በውሃ ነው።

ከተመለስን በኋላ «ውሃው ሥራ ሄዷል» ያለችውን ተከታተልነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮም ቢሆን ፏፏቴው በክረምትና በክረምት ማግስት ይሞላል፣ በበጋ ይቀንሳል፤ የተፈጥሮ ነው። ከዚያ በላይ ግን ሰው የሠራው አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ጢስ ዓባይ አንድ የሚባለው ኃይል ማመንጫ ከፏፏቴው አጠገብ ተሠራ፤ አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ በር ያለው ግድብ ተሠርቶ የሐይቁን ፍሰት መቆጣጠር ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከ70 ሜጋዋት በላይ የሚያመነጨው ጢስ ዓባይ ሁለት ተጨመረ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ተመረቀ። እሱ ውሃውን የሚወስደው ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ በዋሻ ነው። ያ ውሃ ፏፏቴውን ሳያገኝ በለስ ወንዝ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወርዶ ወርዶ መልሶ ዓባይን ይቀላቀላል።

ታዲያ ማንን እንክሰስ? የሒሳብ ሰው ከመክሰሱ በፊት በሌላው ዓምድ ላይ ያለውን ያያል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሠራ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። የጢስ ዓባይ አንድ ሙሉ አቅም በምጣድ ቢመነዘር ከ3,200 በላይ ምጣድ ነው። የጣና በለስ ከ131,000 በላይ ነው። ያ መብራት በአገሪቱ መስመር ውስጥ ይገባል፤ ገላንም ያለነው በዚያው መስመር ላይ ነው። እዚህ ፋብሪካ የምትሠሩ እህቶቻችን፣ በማታ ፈረቃ መብራት ስር የምትቆሙ፣ ከዚያ ውሃ ድርሻ አላችሁ። የምንበላው እንጀራ ውስጥም አለ። እንግዲህ ውሃው ጠፍቶ አይደለም። ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው ተዛውሯል። የቀረው ጥያቄ ዝውውሩ በግልጽ ተጽፏል ወይ፣ ነጠላ ሻጯም በሒሳቡ ውስጥ ገብታለች ወይ የሚለው ነው።

ናያግራ ላይ ይኼን ጽፈውታል። አሜሪካና ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1950 በተፈራረሙት ውል፣ ለኃይል ማመንጫ ከሚወሰደው ውሃ በፊት ለፏፏቴው የሚቀረው በቁጥር ተቀምጧል። ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ባለው የጎብኚዎች ወቅት፣ ሰው በሚያይበት ሰዓት፣ በሴኮንድ ከ100,000 ኩቢክ ጫማ እንዳያንስ፤ ይህም ወደ 2,800 ሜትር ኩብ ነው። በሌሊትና በክረምታቸው ግማሹ ይበቃል ይላል። በካርድ ላይ የተፈጥሮ ኃይል የሚመስለን ነገር በሰዓትና በቁጥር የሚተዳደር ነው። ቢሆንም ቁጥሩ የተጻፈ ስለሆነ የሚሄድ ሰው መቼ እንደሚሄድ ያውቃል፤ ካርድ የምትሸጠዋም መቼ ገበያ እንዳላት ታውቃለች።

እዚያው ናያግራ ላይ ስለነበረች አንዲት ሴት ሳንነግራችሁ አናልፍም። አኒ ኤድሰን ቴይለር ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት መምህርት ነበረች። እርጅና በድህነት እንዳይዛት ብላ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1901፣ 63 ዓመት በሞላት ዕለት፣ በበርሜል ውስጥ ሆና ፏፏቴውን ወረደች። ተርፋም ወጣች። ከዚያ በፊት እንዲህ አድርጎ የተረፈ ሰው አልነበረም። ፎቶዋ ተሸጠ፣ ስሟ ወጣ። ነገር ግን ወኪሏ በርሜሉን ይዞባት ጠፋ፤ ያጠራቀመችውን በርሜሉን በማስፈለግ ጨረሰችው። እ.ኤ.አ. በ1921 በድሆች መጦሪያ ውስጥ ሞተች። ፎቶው ላይ ግን ዛሬም ከበርሜሏ አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ሀብታም ሆና የኖረች ይመስለዋል።

ይኼን ሁሉ ካወቅን በኋላ ከእማማ ልጅ ጋር ተገናኘን። ስለ ጉዞው ስንነግራት «እናቴ እኮ ለደንበኛ ሳትናገር አትሸጥም ነበር» አለችን። ምኑን ስንላት፣ እማማ ካርዱን ከሚያመጡት ሰዎች ፎቶው የተነሣበትን ወር ይጠይቁ ነበር፤ ከጀርባው በእርሳስ ይጽፉት ነበር፤ ጢስ ዓባይን ለማየት የሚሄድ እንግዳ ሲመጣ ገልብጠው ያሳዩት ነበር። ያ «መስከ.» እና «ጥቅ.» ዕቃ የገባበት ወር አልነበረም፤ ውሃው የሞላበት ወር ነበር። መልሱ በእጃችን ነበረ። እኛ ፊቱን አይተን አሳተምነው፣ ጀርባውን ትተን።

ለ34ቱ ተጓዦች ይቅርታ ጠይቀናል፤ ዛሬም በጉባኤ ፊት እንጠይቃለን። ቁጠባችሁ በታማኝነት ተይዟል፣ ደረሰኙ ሁሉ አለ፤ ነገር ግን ወር የሌለው ሥዕል አሳይተን አስመዘገብናችሁ። የቀሩትን 188 ካርዶች ሽያጭ አቁመን ማኅተም በ350 ብር አስቀረጽን። አሁን በእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ «ይህ የመስከረም ውሃ ነው፤ በበጋ ይቀንሳል» የሚል አለ። ከዚህ በኋላ የሚሸጠው እንዲህ ሆኖ ነው።

እስከዚህ የካርዱ ነገር ነው። አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንምጣ፤ ይኼን የምንናገረው ይበልጥ ለደጋፊዎቻችን ነው።

በየዓመቱ የምንልክላችሁን ሪፖርት ታውቁታላችሁ። በሽፋኑ ላይ የእንጀራ መጋገሪያ ቤታችን ፎቶ አለ። ስምንት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተደርድሯል፤ ስምንቱም ይጨሳሉ፤ እህቶቻችን ነጭ ሽርጥ ለብሰው ይስቃሉ። ከሥሩ «16 አባላት ተጠቃሚ ሆነዋል» ይላል። ያ ፎቶ የተነሣው በ2008 ዓ.ም. በምረቃው ዕለት ነው። እውነተኛ ፎቶ ነው፤ ማንም አልዋሸም። ግን የመስከረም ውሃ ነው።

የዛሬው እንዲህ ነው። ስምንቱ ምጣድ በአንድ ላይ 28 ኪሎዋት ይስባል። መስመሩ ከአምስት ምጣድ በላይ አይችልም ተባልንና ሦስቱን ነቀልን። ከአምስቱ የሁለቱ ሽቦ ተቃጠለ። ዛሬ የሚሠራው ሦስት ምጣድ ነው። በአንድ ምጣድ ሁለት ሴቶች በፈረቃ ስለሚሠሩ፣ ከ16ቱ እየሠሩ ያሉት 6 ናቸው። የቀሩት 10 የት ናቸው? አራቱ ፋብሪካ ገብተዋል። ሦስቱ ቤታቸው በማገዶ እየጋገሩ ለሰፈር ይሸጣሉ፤ ጢሱ ዓይናቸውን እየፈጀው ነው። ሁለቱ ጉሊት ተቀምጠዋል። አንዷ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ይኼ በገቢና ወጪ ወረቀቱ ላይ አይታይም፤ የሽያጩ ጠቅላላ ድምር እንጀራ ስለተወደደ ብዙ አልቀነሰምና። ድምሩ ደህና ነው፣ ፎቶው ያምራል፣ ዐሥር ሴቶች ግን ከሥዕሉ ወጥተዋል። እኛ ደግሞ ለሁለት ዓመት ያንኑ ፎቶ ላክን።

ለምን ላክን? ሌላ ፎቶ ስላልነበረን አይደለም። ሦስት ምጣድ ብናሳይ እርዳታው ይቋረጣል ብለን ፈራን። ፍርሃቱ ዛሬም አለ፤ ይኼን ስንናገር እጃችን ላብ ይዞታል። ነገር ግን ከመጋቢቱ ጉብታ ላይ የዚያችን እናት ፊት አይተናል። ያን ፊት በእናንተ ላይ ማየት አንፈልግም። አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ ሳይነግረን ወደ መጋገሪያው ቤት ይገባና «ሌላ ደግሞ ከፊት አለ?» ብሎ ይጠይቀናል። ያኔ የምንመልሰው አይኖረንም።

ስለዚህ ለጉባኤው የምናቀርበው ውሳኔ እንዲጸድቅልን የምንጠይቀው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከማኅበሩ የሚወጣ ማንኛውም ፎቶ፣ በሪፖርትም ሆነ በዚህ መጽሔት፣ የተነሣበት ወርና ዓመት ይጻፍበት። የመጋገሪያው ቤትም፣ የዶሮ እርባታውም በዓመት ሁለት ጊዜ ፎቶ ይነሣ፤ አንዱ በደህናው ጊዜ፣ አንዱ በክፉው ጊዜ።

ሁለተኛ፣ «ተጠቃሚ የሆኑ» ከሚለው ዓምድ ጎን «አሁን እየሠሩ ያሉ» የሚል ዓምድ ይጨመር። የወጣች አባል ብትኖር ወዴት እንደሄደች ይጻፍ። የዘንድሮው ሪፖርት በዚህ መልክ ተስተካክሎ እስከዚህ ወር መጨረሻ ለደጋፊዎቻችን ይላካል። የሁለቱ ዓመታትም ማስተካከያ አብሮ ይያያዛል።

ሦስተኛ፣ የተቃጠሉት ሁለት ምጣዶች ይጠገኑ። የጥገናው ዋጋ 2,600 ብር ነው። ከካርዱ ሽያጭ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 1,330 ብር ተርፏል፤ እሱ ይዋልበት፤ የጎደለውን 1,270 ብር ከመጠባበቂያ እናውጣ። ያኔ አምስት ምጣድ ይሠራል፤ አራት እህቶች ይመለሳሉ። ማገዶ ላይ ያሉት ሦስቱ ቅድሚያ ይሰጣቸው እንላለን። ለቀሩት ስድስት ገና መልስ የለንም፤ መልስ የለንም ብለን ለመጻፍ ግን ድፍረቱን አግኝተናል።

ደጋፊዎቻችን፣ ከዚህ በኋላ የምንልክላችሁ ሥዕል እንደ ድሮው ላያምር ይችላል። አንዳንዱ የመጋቢት ይሆናል። ብትገለብጡት ግን ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ከፊቱ ጋር ይስማማል። እርዳታችሁን ለመቀጠል ወይም ላለመቀጠል የምትወስኑት እሱን አይታችሁ ይሁን።

አባሎቻችን፣ እንደገና ወደ ጢስ ዓባይ እንሂድ የምትሉ ካላችሁ፣ እኛም እንፈልጋለን። በዚህ ጊዜ ወሩን የምትመርጠው ሒሳብ ክፍል አትሆንም። ደብተር የያዘችውን እህታችንን ጠይቀን ጥቅምት ላይ እንሄዳለን። ነጠላም ከእሷ እንገዛለን።

የቆርቆሮው ዋጋ ቀርቷል። የእማማን 57 ካርዶች ሊገዛን የመጣ ሰው ነበር፤ አልሸጥንም። ኦዲት ኮሚቴው ግን ዋጋ የሌለው ንብረት በመዝገብ ላይ ሊኖር አይችልም ብሎናል፤ ልክ ነው። በሒሳብ ሥራ አንድ ዕቃ እያገለገለ ሳለ ዋጋው በመዝገብ ላይ ሲያልቅ፣ እንዳይረሳ ተብሎ አንድ ብር ይያዝለታል። እኛም ትናንት ማታ እንዲሁ አደረግን። «የብስኩት ቆርቆሮ ከነፖስት ካርዱ፣ ብዛት 57፣ ዋጋ 1 ብር» ብለን ጽፈን ሦስታችንም ፈረምን። ቆርቆሮው በጽሕፈት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው። ማንም አባል መጥታ ማየት ትችላለች። ስታዩ ግን ገልብጣችሁ እዩ።